ሲጨንቀን ለምን ስልክ ላይ ስንዴ እንዘራለን?

ሸዋበር ዳገት (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? ባንክ ውስጥ ቴለር ነኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ሰው ሳስተናግድ ውዬ ማታ ቤት ስገባ አንደበቴ ይታሰራል። እናቴ ቡና አፍልታ «ምነው ዘጋሽን?» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም። የሚገርመኝ ግን ከሰው ሸሽቼ ጋደም እንዳልኩ እጄ የሚሄደው ሰው ወደሞላበት ቦታ መሆኑ ነው። ሄይ ዴይ የሚባል የስልክ የእርሻ ጌም ላይ ሰፈር (የተጫዋቾች ቡድን) አለን። አንዷ ኮምቦልቻ ናት፣ አንዱ አዳማ፣ ሁለቱ ሳዑዲ ያሉ እህቶቻችን ናቸው፣ ፊሊፒንስ ያሉም አሉ። አንዱ ጀልባው አልሞላ ሲለው በቆሎዬን እጭንለታለሁ፤ ሌላዋ የደረቀ ዛፌን ታድስልኛለች። ትንሽ ቆይቼ ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ወርዷል።

ታናሽ ወንድሜ «ሽሽት ነው» ይለኛል። እሱ የኳስ ጌም ተጫውቶ ሲነሳ ግን ጆይስቲክ ሊሰብር ነው የሚደርሰው። እና እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ኑሮ ሲከብደው፣ አገር ሲታወክ፣ ለምን እንዲህ ያለ ዝግ ያለ ጌም ይፈልጋል? ያውም ከሰው ጋር?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

እህቴ፣ ወንድምሽ ግማሹን ልክ ነው። ሲጨንቀው የማይሸሽ ማን አለ? ወዴት እንደሚሸሽ ማየት ነው እንጂ።

ይሄ ነገር ዓለም ሁሉ አንድ ላይ ያየው በኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2020፣ አገር ሁሉ በሩን እየዘጋ ባለበት ሳምንት፣ የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ አኒማል ክሮሲንግ ኒው ሆራይዘንስ የሚባለውን ጌም አወጣ። በ6 ሳምንት ውስጥ ከ13 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጌሙ ምን አለው ብትይ ምንም የለውም። አንዲት ደሴት ይሰጡሻል፤ አረም ትነቅያለሽ፣ ዓሣ ታጠምጃለሽ፣ አበባ ታጠጫለሽ፣ ጓደኛሽ ደሴት ሄደሽ ጠይቀሽ ትመለሻለሽ። ማሸነፍ የለም፣ መሸነፍ የለም። ሰዓቱ የእውነት ሰዓት ነው፤ አንቺ ጋ ሲመሽ እዚያም ይመሻል። ሰርጋቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች እዚያ ውስጥ ሰርግ ደግሰዋል፣ የልደት ኬክ የቆረሰም አለ።

አንቺ ባንክ ቤት ስለሆንሽ ይቺን ልጨምርልሽ። ቤት የሚሠራልሽ ቶም ኑክ የሚባል ባለ ሱቅ አለ፣ እንስሳ ነው። ብድር ያበድርሻል። ወለድ የለውም፣ የመክፈያ ቀን የለውም፣ ዋስ አይጠይቅም፣ ደውሎ አያስፈራራም። ስትችይ ትከፍያለሽ። እንዲህ ያለ አበዳሪ በቁማችን አይተን ስለማናውቅ ነው መሰለኝ የምንወደው።

ደግሞ መነሻው ራሱ ናፍቆት ነው። የመጀመሪያው አኒማል ክሮሲንግ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ሲወጣ ከሠሪዎቹ አንዱ ካትሱያ ኤጉቺ ነበር። ሰውየው ለሥራ ሲል ከቺባ ወደ ኪዮቶ ሲሄድ ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ጥሎ ነበር የሄደው። ከእነሱ ጋር ቁጭ ማለቱ፣ አብሮ መጫወቱ ሲቀርበት ያ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ገባው፤ ጌሙ ከዚያ ነው የመጣው። ለሥራ ብሎ አገሩን የለቀቀ የወሎ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ስሜት ነው።

ተንታ ደጋ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ያደገ፣ አርሶም ያሳደገኝ ሰው ነው። አንድ ቀን «እርሻ ጭንቀቴን አቀለለልኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም!

በእኛ ደጋ በልግ ቀረ ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የካቲት ላይ ሰማዩን ሲያዩ ውለው፣ መጋቢትን ሲያዩ ውለው፣ ዝናቡ ሳይመጣ ሚያዝያ ይገባል። ቢመጣም በረዶ ይዞ ይመጣል። በ2013 መግቢያ አንበጣው ቆላውን ሲወርር፣ ባቲና ቆቦ በኩል ያለ ዘመድ ማሽላው እሸት ላይ እያለ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየደበደበ ሲከላከል ነው የከረመው። ከዚያ አንቺ ስንዴ ዘርተሽ በ2 ደቂቃ ታጭጃለሽ! እኔ ልንገርሽ፣ የእርሻ ጌም የሚያዝናናው እርሻ ስላልሆነ ነው። ድርቅ የለ፣ አንበጣ የለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ የለ።

ቦርከና ማዶ፦

ተንታ፣ ቀልደህ ዋናውን ነገር ተናገርከው። የዘራኸው ይበቅላል፤ ያለማመንታት ይበቅላል። በእውነተኛው ኑሮ ላይ ለፍተህ የምታገኘው ነገር እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ፣ ለፍተህ የምታገኝበት ትንሽ ቦታ መኖሩ ነው ሰውን የሚይዘው።

የእርሻ ጌም ሁሉ ግን እረፍት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፌስቡክ ላይ የመጣውን ፋርምቪል የምታስታውሱ ካላችሁ፣ እዚያ የዘራኸውን በሰዓቱ ካልሰበሰብክ ይደርቅብህ ነበር። ሰው ሰዓት ሞልቶ ሌሊት እየተነሳ ነበር የሚሰበስበው! ያ መዝናናት አይደለም፣ ተረኛነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ሄይ ዴይ ላይ ግን የደረሰ ሰብል ሳይበላሽ ይጠብቅሃል። ሳምንት ብትጠፋ ስንዴው እንደቆመ ነው። ሸዋበር፣ ትከሻሽ የሚወርደው አንዱ በዚህ ይመስለኛል፤ ዘገየሽ ብሎ የሚቀጣሽ የለም። መስኮት ላይ ግን ሰልፉ አለ፣ ሲስተም ሄደ የሚል አለ፣ ማታ ሒሳብ መዝጋት አለ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፦

እኔ ነርስ ነኝ። ከሌሊት ተረኝነት ስወጣ ያየሁት ነገር ዓይኔ ላይ ይመላለሳል። በተለይ የመኪና አደጋ የመጣ ለታ። ጋደም ብል እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ብጸልይም ሐሳቤ ይበተናል። ያኔ ስልኬ ላይ ብሎክ የመደርደር ጌም እከፍታለሁ። መጀመሪያ እንዲሁ ልማድ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ሰዎች በዚህ ላይ ጥናት እንደሠሩ አነበብኩ።

ኦክስፎርድ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን 71 ሰዎች ወስደው፣ በአደጋው በሰዓታት ውስጥ ለገሚሶቹ አደጋውን ባጭሩ አስታውሰው ቴትሪስ የሚባለውን የብሎክ መደርደር ጌም እንዲጫወቱ አደረጉ። በቀጣዩ ሳምንት እነዚህ ሰዎች ሳይፈልጉት የሚመጣባቸው የአደጋው ምስል ከሌሎቹ በ62 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ምስሉን በአእምሮ የሚስለው ክፍል ቅርጽ በማዞርና በመደርደር ከተያዘ፣ የክፉውን ነገር ምስል አጽንቶ ለማስቀመጥ ቦታ ያጣል።

ግን አደራ፣ ይሄ ቴትሪስ ነው እንጂ ሄይ ዴይ አይደለም፤ በባለሙያ የተመራም ነው። ጭንቀቱ ወር አልፎ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው ሰው ጌም አውርድ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂድ ነው የምለው። ደግሞ ቴትሪስ ብቻህን ነው። ሸዋበር የጠየቀችው ከሰው ጋር ስለሚሆነው ነው፤ እሱን እኔም ብሰማ ደስ ይለኛል።

አዳጎ ልጅ (ወልድያ)፦

እኔ ከሰው ጋር የሆነውን ልናገር።

ነሐሴ 2013 ከወልድያ ወጥተን ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ነበር። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ነን፤ ወንበሮቹን ደርድረን ከግድግዳ አስጠግተናል፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍና ጆንያ ነው። ወልድያ የቀሩ ዘመዶቻችን ጋ ስልክ አይሠራም። ሁሉም ሰው ግን ይደውላል። ጥሪ እንደማያደርስ እያወቀ ይደውላል። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ድምፅ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ስልኩ ላይ ሉዶ ከፈተ። ሉዶ ኪንግ ኢንተርኔት ሳይኖር አንድ ስልክ እየተቀባበሉ ለአራት መጫወት ይቻላል። አራቱ ሲጫወቱ ሌላው ዙሪያውን ከቦ ያያል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ከቆቦ በኩል የመጡ፣ ስልክ መንካት አያውቁም። ቢጫውን ሰጠናቸው። ዳይሱን በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ሲሽከረከር ወደ ኋላ ሸሹ። ሲቆም «ስንት ነው?» አሉ፤ «ስድስት ነው እማማ፣ ወጡ» አልናቸው። «ወዴት?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የሉዶ ሰዓት ሆነ። እኔ ቆይቶ ነው የታየኝ፤ ቻርጅ ያለው ስልክ እሱ ነበር፣ ሰውም የሚደውለው በሱ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም «እስቲ አንዴ ልሞክር» አይልም። ስለ ጦሩም የሚያወራ የለም፤ ማንም ሕግ ያወጣ ሳይኖር እንዲያው ሁሉም ተስማማ። እማማ ደግሞ ሰው መብላት አይወዱም ነበር። ድንጋያቸው የኔ ላይ ሊያርፍ ሲል «ሌላውን አራምዱልኝ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ተከፍቷል» ይሉ ነበር። በሉዶ እንዲህ ይጫወታል እንዴ! ግን እንዲያ ነበር የተጫወትነው።

ሐይቅ ዳር፦

ያረቢ! አዳጎ፣ አስለቀስከኝም አሳቅከኝም። እማማ እንዴት ሆኑ?

አዳጎ ልጅ፦

ደህና ናቸው አልሐምዱሊላህ። አገራቸው ተመልሰዋል። አሁንም ስደውልላቸው «ያቺ ቢጫዋ አለች?» ይሉኛል።

አባወራ ኮምቦልቻ፦

እናንተ ታሞግሳላችሁ፣ እኔ ግን የሚያሳስበኝን ልናገር። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ነው። ጠዋት ለትምህርት ሲቀሰቀስ ዓይኑ ደም ለብሶ ነው የሚነሳው። እናቱ ስታለቅስ፣ እኔ ስቆጣ፣ እሱ ጆሮው ላይ ያን ነገር ሰክቶ ሲያወራ። ጨዋታው የሚያሳርፍ ከሆነ፣ እሱ የሚያርፈው መቼ ነው? እባካችሁ ከዚህ ጋር የተያያዘ የሚያውቅ ካለ በቅጡ ያስረዳኝ።

ጦሳ ስር (ደሴ፣ ሳይኮሎጂ ተማሪ)፦

ጋሼ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። የተጠና ነገር ስላለ እሱን ላስቀድም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከጌም ኩባንያዎች የተጫዋቾችን ትክክለኛ ሰዓት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥናቶች «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ብለው ተጫዋቹን ነበር የሚጠይቁት፤ ሰው ደግሞ ሰዓቱን በትክክል አይናገርም። 3,274 ሰዎችን አዩ፣ ከተጠኑት ሁለት ጌሞች አንዱ ያ አኒማል ክሮሲንግ ነበር። ብዙ የተጫወቱት በጥቂቱ የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ጋዜጦቹ «ጌም ደስታ ይሰጣል» ብለው አራገቡት። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን እነዚያው ተመራማሪዎች ወደ 39 ሺህ ተጫዋቾችን በ7 ጌሞች ላይ ተከታትለው ሲያዩ፣ የሰዓቱ ብዛት ስሜትን ወደ ላይም ወደ ታችም እምብዛም አያንቀሳቅስም። ልዩነት ያመጣው ለምን እንደሚጫወቱ ነው። ወድዶ የሚጫወተው ደህና ነው፤ «መጫወት አለብኝ» የሚል ግፊት ይዞት የሚጫወተው ነው የሚከፋው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከሰዓቱ በፊት ሌላ ጥያቄ አለኝ። ምንድነው የሚጫወተው? ከማን ጋር ነው የሚያወራው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሕመም ብሎ የመዘገበው ነገር አለ፤ ግን መስፈርቱ ከባድ ነው። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከትምህርት፣ ከሰው ሁሉ ሲበልጥበት፣ ጉዳቱን እያየ ማቆም ሲያቅተው፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ይኸው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሰዎች ቤት ተቀምጠው አብረው ጌም እንዲጫወቱ የሚያበረታታውን የጌም ኩባንያዎች ዘመቻ ደግፎ ነበር። ሁለቱ አይጣሉም።

አባወራ ኮምቦልቻ፦

ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ትናንት ማታ ጠየቅኩት። የተኩስ ጌም ነው፣ አራት ሆነው ነው የሚጫወቱት። አንዱ አዲስ አበባ የሄደው የጎረቤታችን ልጅ ነው። አንዱ ደብረ ብርሃን ቀርቷል፣ ከጦርነቱ ወዲህ አልተመለሱም። አንዱ ጅዳ ነው። «ሌላ የማገኛቸው ቦታ የለኝም» አለኝ። ሌሊት የሚሆነው ደግሞ የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ነው አሉ።

ገባኝ። ግን 9 ሰዓት 9 ሰዓት ነው! ሌሊት መተኛት አለበት። ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ እኔ ዳታ እሞላለሁ፣ በሥራ ቀን 4 ሰዓት ላይ ስልኩ ሳሎን ያድራል ብያለሁ። ኩርፊያ አለ። ይኮርፍ።

ሸዋበር ዳገት፦

ጋሼ፣ ልክ አደረጉ። ዳታውን እርስዎ መሙላትዎ ደግሞ ጥሩ ነው። እንደ ቅጣት ብቻ አያየውም።

እኔ የአዳጎን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። መስኮት ላይ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ከኔ አቅም በላይ የሆነ። ገንዘቡ አልገባም፣ ሲስተም የለም፣ ከውጭ የተላከለት ዘገየ። ቤት ስገባ ደግሞ የእናቴ ጥያቄ ፍቅር ነው፣ ግን እሱም መልስ ይፈልጋል። ሄይ ዴይ ላይ ያለችው ሴት የምትፈልገው በቆሎ ነው። በቆሎ አለኝ። ሰጥቻት አበቃ። አመስግና ልብ ትልክልኛለች፣ ተለያየን። ሰውም አለ፣ ጭቅጭቅም የለም።

ባቲ ሰኞ (ባቲ)፦

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፣ ጌም አልጫወትም፤ የልጅ ልጄ ይሄን አንብባልኝ ነው የምታጽፈው። ሸዋበር የምትለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። የኛ አባቶች ገበጣ ነበራቸው። ጥላ ስር መሬቱን ፈንቅለው ጉድጓድ ይሠራሉ፣ ጠጠር ይቆጥራሉ። ሰው ሞቶበት ከሐዘን የተነሳ ሰው እንኳ ይመጣና ይቀመጣል። «እንዴት ነህ?» ብሎ የሚያስጨንቀው የለም። ጠጠሩን ይዘራል፣ ይለቅማል። አብሯቸው ነው፣ ግን እንዲናገር አይገደድም። አንዳንዱ እየቆጠረ ሳለ ራሱ ይጀምራል፦ «ትላንት ማታ እንቅልፍ...» ይላል። ዓይን ለዓይን ስላልተያዩ ነው የሚወጣው።

ወዳጃ ላይም እንዲሁ ነው። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሁሉም «አሚን» ይላል። ጭንቀትህን ስም ጠርተህ ባትናገርም ባልንጀራህ አሚን ሲልልህ ይቀልልሃል። ስልክ ላይ ያለውን አላውቅም። እኛ ግን በእጅ የሚሠራ ነገር ሳይኖር ሰው እንዲሁ አስቀምጠን ጭንቀቱን አናስወራም ነበር።

ጦሳ ስር፦

እትዬ፣ አሏህ ዕድሜ ይስጥዎት። ይሄን እኛ ሦስት ገጽ ጽፈን ነው የምንለው።

ገበጣን በተመለከተ፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ አይነቶች ሰብስበው ጽፈውበታል፤ እንደየአገሩ የረድፉም የሕጉም ልዩነት ብዙ ነው። እኔ የማውቀው ባለ ሁለት ረድፍ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር የሚዘራውን ነው። እርስዎ ጋ ስንት ነበር?

ባቲ ሰኞ፦

እንደ ተጫዋቹ ነው። ባለ ሦስት ረድፍም አይቻለሁ። ደግሞ ወንዶቹ ሲጫወቱ ያጭበረብራሉ፤ ጠጠር እጅጌ ውስጥ ይደብቃሉ።

ፒያሳ ሚኒባስ፦

ሁላችሁም ጥሩ ጥሩውን ብቻ ትላላችሁ። እነዚህ ጌሞች ነፃ የሚመስሉት አንተ እስክትለምድ ነው። አልማዝ ግዛ፣ ሳንቲም ግዛ፣ ማስታወቂያ እይ፣ ነገ ካልገባህ ሽልማቱ ያልፍሃል። እኔ ከዚህ በፊት አንድ ቡድን ውስጥ ነበርኩ፣ በየሳምንቱ ውድድር አለ። ተራዬ ላይ ሚኒባስ እየነዳሁ ስለነበር ሥራዬን አልጨረስኩም። ማታ ስገባ ከቡድኑ ተባርሬያለሁ! ያውም በማላውቃቸው ሰዎች። ስንት ሰው የጮኸብኝ ቀን ላይ ጌሙም ጮኸብኝ። ሰርዤ ተኛሁ። አሁን ፒያሳ ተራ ስጠብቅ በቆርኪ ዳማ ነው የምጫወተው። የሚያባርረኝ የለም፤ ተሳፋሪ ሲሞላ ራሴ ነኝ የምነሳው።

ቦርከና ማዶ፦

ይሄ ወሳኝ ነው። ያው ጦሳ ስር ያለው ነገር ነው፤ «መጫወት አለብኝ» የሚለው ሲገባ ጌሙ ሌላ ሥራ ይሆናል። በአንድ ጌም ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ተጫዋቹ የሚገባበት ሰፈር ነው የሚለየው። ሸዋበር፣ የእናንተ ውድድር አለው?

ሸዋበር ዳገት፦

አለን። ግን የፈለገ ብቻ ነው የሚገባው። ሳዑዲ ያሉት እህቶች ሥራቸው ሌሊትም ቀንም ስለሆነ ወር ቢጠፉ ማንም አይነካቸውም። አንዷ ሦስት ሳምንት ጠፍታ ስትመለስ ሁላችንም ዛፎቿን አድሰንላት ጠበቅናት። ቻቱ ላይ «አለሁ» ብቻ ብላ ጻፈች። እኛም «እንኳን መጣሽ» አልናት። ምን እንደገጠማት አልጠየቅናትም፤ ስትፈልግ ትናገራለች።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ፣ ኢንተርኔት የሚፈልገው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ያን ጊዜ ሰው በጣም የሚጨነቅበት ጊዜ ነበር፣ ሰፈርሽ ግን ሊያገኝሽ አይችልም። እንዴት አደረግሽ?

ሸዋበር ዳገት፦

እውነትሽን ነው። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ሁሉም ጠፉ። ስልክ ቁጥራቸውን እንኳ አልያዝኩም ነበር፤ ኮምቦልቻ ያለችውን በጌም ስሟ ብቻ ነው የማውቃት፣ እዚሁ አጠገቤ ሆና! ዳታው ሲመለስ መጀመሪያ ያደረግነው ስልክ መለዋወጥ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ስወርድ ቤቷ ገብቼ ምሳ በልቼ ነው የምመጣው።

በዚያ ጊዜ ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ነው የያዝነው። ወንድሜ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን ጭኖልኝ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ዓመታት ፈጅቶ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው። እሱም እርሻ ነው፣ ግን መንደርተኛው ሁሉ ኮምፒውተር ነው። ቆንጆ ነው። ሆኖም ለመንደሩ ሰው ስጦታ ስሰጥ «ይሄን እወዳለሁ» የሚለኝ ሁሌም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሳዑዲ ያለችው ልጅ በቆሎ ስልክላት «ዛሬ እናቴ ያፈላችው እሸት ትዝ አለኝ» ብላኛለች። ያንን ኮምፒውተር አይልሽም።

አባወራ ኮምቦልቻ፦

አዳጎ፣ ያቺ ሉዶ ያልካት ያለ ዳታ እንዴት ነው የምትከፈተው? እናቱ ሰምታ «እኔም ልሞክር» ብላለች።

አዳጎ ልጅ፦

ጋሼ፣ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጌሙን በዋይፋይ ያውርዱ። ከዚያ ዳታውን ያጥፉ፤ ማስታወቂያም አይመጣብዎትም። ሲከፍቱት ከኮምፒውተር ጋር፣ ኦንላይን፣ ከጓደኞች ጋር ምናምን የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ። አንድ ስልክ እየተቀባበሉ የሚጫወቱበትን ይምረጡ። ለሁለትም ለአራትም ሰው ይሆናል። ስም መጻፍ ይቻላል፤ ስም መጻፉ ደስ ይላል፣ ሁሉም የራሱን ቀለም ይዞ ይከራከራል። ስድስት ካልወጣ ድንጋይ ከቤት አይወጣም፣ ስድስት ሲወጣ ደግሞ ድጋሚ ይጣላል። የተኮራረፉ ሰዎች ካሉ በአንድ ወገን አያስቀምጧቸው።

አባወራ ኮምቦልቻ፦

የተኮራረፉት ሁለት ነን። አንዱ እኔ ነኝ።

ተንታ ደጋ፦

እኔም የቤት ሥራዬን ሠራሁ። ለበዓል አገር ቤት ወርጄ ነበር። አባቴን አስቀምጬ ሄይ ዴይን አሳየሁት። ስንዴውን ሲያይ ዝም አለ። ዶሮዎቹን አይቶ ሳቀ። ከዚያ ላሟ ጋ ደረስን፤ መኖ ሰጠኋት፣ በአንድ ሰዓት ወተት አወጣች። አባቴ ስልኩን ተቀብሎኝ አቀረበው፣ አራቀው፣ መነጽሩን አስተካከለ።

«ጥጃዋስ?» አለኝ።

«ጥጃ የላትም» አልኩት።

«ታዲያ ወተቱን ማን አስወረደላት?» አለኝ። መልስ አጣሁ። «ይሄን የሠራው ሰው ላም አልቦ አያውቅም» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ግን ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እየደወለ «ላሚቱ ጥጃ አገኘች?» ይለኛል። ድሮ የሚደውልልኝ ብር ስሰጠው ወይም ሰው ሲሞት ነበር።

ሸዋበር ዳገት፦

ተንታ፣ አባትህን ሰፈራችን አስገባልን። ሰፈሩ የሚይዘው 30 ሰው ነው፣ አንድ ቦታ ክፍት አለን። ውድድሩ ግዴታ አይደለም። ስለ ጥጃው ግን ከሳዑዲዎቹ ጋር እሱ ራሱ ይከራከር፤ አንዷ የጃማ ገበሬ ልጅ ናት፣ አትሸነፍለትም።